ጥላ የማያርፍባት የአድባር ቤት

ባንኮክ፣ ማርች 9

ይድረስ ለውድ አክስቴ ቡንሩዋን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እህትዎ አክስቴ ቶንግባይ፣ ዶሮዎቿ፣ ያ ክፉ ውሻ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። አልከሳሁም። ጋሽ ማኖፕ የነገረዎትን አይመኑ። ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር አስተካክሎ ስለኖረ ሰው የሚያየው ከአንገት በላይ ብቻ ነው። ፀጉሬን ስቆረጥ ፊቴ የጠፋ መሰለው።

«ስልክ ላይ ትዋሻለሽ፣ ወረቀት ላይ ግን እጅሽ ያሳብቅብሻል» ስላሉኝ ይኸው እጽፋለሁ።

ለጠየቁኝ መልሱ አዎ ነው። የአድባራችን ቤት፣ ያቺ በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመች ትንሽ የእንጨት ቤት፣ እዚያው ናት። ሰፈራችን ፈርሶ፣ የእርስዎ ኑድል ቤት የነበረበት ጉድጓድ ሆኖ፣ ከጉድጓዱ የገበያ ማዕከሉ፣ ሞሉ፣ ወጥቶ መስታወት እየተገጠመለት ነው። እሷ ግን በአንድ እግሯ እንደቆመች አለች። ግንበኞቹ ጠዋት ጠዋት ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው ያኖሩላታል። እርስዎ ጣሪያዋ ላይ የመቱት የብስኩት ቆርቆሮ ዝጓል እንጂ አልተነቀለም።

ቃሌንም አልረሳሁም። ሰፈሩ በእርስዎ ሱቅ ተሰብስቦ «አንነሣም» ሲል፣ ብድግ ብዬ «ንድፉን የምሠራው እኔ ነኝ፤ የሕንፃው ጥላ አድባራችን ቤት ላይ አያርፍም» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ዕቃውን የሸከፈው በኩባንያው ወረቀት ሳይሆን በእኔ አፍ ነው። ትልቅ ሕንፃ ጥላውን የጣለበትን ቤት አድባሩ ጥሎት እንደሚሄድ ደግሞ ከእርስዎ በላይ ያስተማረኝ የለም።

አንድ ነገር ግን አለ። ከሞሉ በላይ የሚሠራው የአፓርታማ ማማ ሳያልቅ ተሸጦ ስላለቀ፣ ባለቤቶቹ አሥራ ሁለት ፎቅ ይጨመርበት ብለዋል። አለቃዬ አቶ ዋራዴት ንድፍ ይዞ መጣና «ጥላው አይነካትም፣ ፈርሚ» አለኝ። ንድፉን አየሁት። ጥላው የተሰላው ለኤፕሪል መጨረሻ፣ ለቀትር ነው። ያን ቀን ፀሐይ አናታችን ላይ ስለምትቆም የባንዲራ ዘንግ እንኳ ጥላ የለውም። የእኛ ጉዳይ ያለው በብርዱ ወራት ነው፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ከማማው ጀርባ በምትሄድበት ጊዜ።

«የዲሴምበሩስ?» አልኩት።

«በዲሴምበር ሰው የሚመጣው የገና መብራት ለማየት ነው፤ ፀሐይ ማን ያያል?» አለኝ።

አልፈረምኩም። የቀረውን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

የእርስዎ ሙክ

*

ሮይ ኤት፣ ኤፕሪል 19

ልጄ ሙክ፣

እንደ ልማዳችን ለምርቃት እጄ ላይ ውኃ ሳታፈሺልኝ አዲሱ ዓመት ገባ። ሳታፈሺም መርቄሻለሁ፤ ዕድሜ ከጤና፣ ከአለቃ ክፋት ይሰውርሽ።

ያ «ሌላ ጊዜ» ያልሽው አሁን ነው። ደብዳቤሽ የመጣው በተራ ፖስታ ነው። ቀድሞ የቢሮሽ ስም በወርቅ ቀለም ታትሞበት ሲመጣ ቶንግባይ ለጎረቤት ታሳይበት ነበር። አሁን «ወርቁ የት ሄደ?» ብላ ፖስታውን ገለባብጣ አየችው። እኔም አየሁት። አድራሻሽ ከቦዩ ማዶ ሆኗል። እዚያ ማን አለሽ? ማን ያበስልልሻል? የመንገድ ዳር ሩዝ ከሞተር ታክሲ ሰዎች ጋር ቆመሽ ነው የምትበዪው?

እኔ ደህና ነኝ ማለት ይቻላል። ቤቱ ግን ሰላም የለውም። ከመጣሁ ወዲህ ዶሮዎቹ እንቁላል ነሥተዋል። ውሻው ማንም የሌለበትን የግቢ ጥግ እያየ ይጮኻል። ቶንግባይ «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ነው» ትላለች። «እና እኔ ነኝ እንቁላሉን ቁጭ ብዬበት ያለሁት?» አልኳት። ለሦስት ቀን አኮረፈችኝ፣ ቡና ቤት ያለች ይመስል በጥቅሻ ነበር የምታዘኝ። ደግሞ ሱቅ ሄጄ ቀይ ለስላሳ ስገዛ እየተከተለች «በዚህ ዕድሜሽ ስኳር?» ትለኛለች። ለእኔ አይደለም ብላት ማን ያምነኛል።

እንዳትደብቂኝ። እጅሽ «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ ሁልጊዜ ወደ ታች ያዘነብላል።

አክስትሽ ቡንሩዋን

*

ባንኮክ፣ ሜይ 6

ውድ አክስቴ፣

የእርስዎ ዓይን ካለ ፖስታ ቤቱ መርማሪ አያስፈልገውም። ይቅር ይበሉኝ፤ እንዲጨነቁ አልፈለግሁም። ከሥራ ወጥቻለሁ። ራሴ አልወጣሁም፣ አስወጡኝ።

«ምን ብለሽ ተናገርሻቸው?» ቢሉኝ፣ ብዙ አልተናገርኩም። ባለቤቶቹ ለስብሰባ ሲመጡ አቶ ዋራዴት የኤፕሪሉን ንድፍ ዘረጋ። እኔ አጠገቡ የዲሴምበሩን ዘረጋሁ። ጥላው በእርሳስ ጠቁሮ፣ ደጁን አልፎ፣ የአድባራችንን ቤት ውጦ ታየ። ሽማግሌው ባለቤት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አንቺ አርክቴክት ነሽ ወይስ ጠንቋይ?»

«ለሰፈሩ የገባሁትን ቃል ስነግርዎ እዚሁ ወንበር ላይ ሆነው አጨብጭበውልኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ምን ነበርኩ?» አልኳቸው።

ይኸው ነው። ምሳ ሳይደርስ ዕቃዬን በካርቶን አስያዙኝ። በማግሥቱ ደግሞ አቶ ዋራዴት ደውሎ ንድፉ ላይ ከፈረምኩ ወንበሬ እንደሚጠብቀኝ ነገረኝ። ወንበሩን እንዲቀመጥበት ነገርኩት።

ያንገበገበኝ ይህ አይደለም። በዚህ ወር መጽሔት ላይ አቶ ዋራዴት እጁን እኔ በሠራሁት የሕንፃው ሞዴል ላይ ጭኖ ፎቶ ተነሥቷል። ከሞሉ ደጃፍ ያለውን ሰፊ ደረጃ ከንድፌ ያውቁታል፤ ሰው ተቀምጦ እንዲበላበት አድርጌ የነደፍኩትን። ያንን የወሰድኩት ከእርስዎ ደጅ ነው። ወንበር ሲሞላ ደንበኞችዎ ሳህናቸውን ይዘው ይቀመጡበት ከነበረው ደረጃ። እሱ «ሐሳቡ የመጣልኝ ጣልያን ሳለሁ ነው» ብሏል። አክስቴ፣ እኔ በዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ሾርባ የፈሰሰበት ድንጋይ ጣልያን ሆነ።

አይዘኑ። አሁን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን ንድፍ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤቱ ያለው የት መሰለዎት? ሌላ ሞል ውስጥ፣ ከጫማ መሸጫው በላይ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ያስተማርኳቸው ጥላ መሳል ነው።

የምበላውን እበላለሁ። የመንገድ ዳር ሩዝ ብቻ አይደለም።

ሙክ

*

ባንኮክ፣ ኦገስት 14

ውድ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የላኩልኝ የደረቀ ዓሣ ደርሶኛል፤ ግማሹን የሞተር ታክሲ ሰዎቹ ጨረሱት፣ እግዜር ይስጥልን ብለዋል።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ተይው» የሚለው ቃል በየገጹ አለ። «ለአንዲት የእንጨት ቤት ብለሽ ወገብሽን አትስበሪ» ይላሉ። በእርስዎ እጅ ባይጻፍ አላምንም ነበር። ዝናብ ሲመጣ ከልብሱ በፊት እሷን በላስቲክ የሚሸፍን ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ? በልጅነቴ እኔን ከመሳምዎ በፊት እሷን ያሳልሙኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? አልተውም። እንዲያውም ልተወው ብል ጊዜው አልፏል፤ ያድምጡኝ።

ሞሉ በዚህ ወር ተከፈተ። ስሙን «የአትክልት ጥላ» ብለውታል። ጥላ መሆኑን ቢያንስ አልዋሹም። ጋሽ ማኖፕ እዚያው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ፊሽካ እየነፋ መኪና ያስገባል። ዩኒፎርም አለው፣ ለሚገባው መኪና ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ነው የሚተኛው ይላሉ። ከመከፈቱ በፊት በነበረው ሳምንት ደውሎ «ወስደዋታል» አለኝ።

በእሷ ቦታ ትልቅ የእብነ በረድ ቤት አቁመዋል፣ በወርቅ የተለበጠ። ነጭ የለበሰ ካህን አስመጥተው አስባርከውታል፣ አቶ ዋራዴት እጁን ለጸሎት አጋጥሞ ፎቶ ተነሥቷል። የኛዋን በጭነት መኪና ጭነው ወሰዷት። ሾፌሩ የት እንዳራገፋት ጋሽ ማኖፕ ባያወጣጣው ኖሮ አላገኛትም ነበር።

ከቦዩ ማዶ ካለው ቤተ መቅደስ ጀርባ፣ ከዋርካው ሥር። ያን ቦታ ያውቁታል፤ በልጅነቴ እጄን ይዘው ሲያልፉ «አትቁጠሪያቸው» ይሉኝ ነበር። ባለቤት ያጡ የአድባር ቤቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው ቆመዋል፣ ደጆቻቸው ወደየአቅጣጫው። በዝናብ ገባሁበት። የብስኩት ቆርቆሮው ነው ያሳየኝ። ውስጥ አድባሩን የሚያገለግሉት ሽማግሌውና አሮጊቷ አሻንጉሊት አሉ። የአሮጊቷ ክንድ የእኔን ቀይ የጥፍር ቀለም ሰርቀው እንደጠገኑት ነው፤ እስካሁን ቀይ ነው።

አበምኔቱ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ እዚህ ሰው ያመጣል እንጂ አይወስድም። ባዶ ቤት ምን ያደርግልሻል?»

«ባዶ አይደለችም፣ አባቴ» አልኳቸው።

ጃንጥላውን አናቴ ላይ አደረጉልኝና ወደ ሞሉ በሚያሻግረው የእግረኛ ድልድይ ጫፍ፣ የሞተር ታክሲ ሰዎቹ ከሚቆሙበት ዳስ አጠገብ፣ ከቤተ መቅደሱ መሬት ቁራሽ ፈቀዱልኝ። ቦታውን አሰላሁት። ማማው አሥራ ሁለት አይደለም ሃያ ፎቅ ቢጨመርበት የብርዱ ወራት ጥላው ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፤ እዚህ በደቡብ አይደርስም። የሞተር ታክሲ ሰዎቹ ተሸከሟት። ጋሽ ማኖፕ ከሥራው ጠፍቶ መጥቶ በፊሽካው «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ቁም» እያለ አቆማት። መኪና ያስገባ መሰለው።

አሁን ከሰፈራችን ሰዎች በሞሉ ውስጥ የሚሠሩት፣ ጠራጊዎቹም፣ ምግብ አዳራሹ ያሉትም፣ ድልድዩን ከመሻገራቸው በፊት ቆም ይላሉ። የእብነ በረዱ ደጅ ላይ የጎብኚ እጅ ብቻ ነው የሚጋጠመው።

ስለዚህ «ተይው» አይበሉኝ። ቃሌን በሌላ መንገድ ጠብቄያለሁ። ደስ ይበልዎት ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ደስ ካላለዎት ምክንያቱን ይንገሩኝ።

ሙክ

*

ሮይ ኤት፣ ሴፕቴምበር 2

ልጄ፣

ተቀምጠሽ አንብቢ።

ቤቷ ባዶ ናት። አበምኔቱ እውነታቸውን ነው። አድባሩ እዚህ ነው፣ ከእኔ ጋር።

ከሰፈሩ የወጣሁ ቀን፣ ጠዋት፣ ዕቃው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት፣ ዕጣን ለኮስኩና ደጁ ላይ ተንበርክኬ «አባቴ፣ ይነሡ፣ አብረን እንሂድ» አልኩት። ከዕጣኑ አመድ በወተት ቆርቆሮ ቋጠርኩ። አንቺ ያን ሰዓት የሹፌሩን እጅ እየያዝሽ «ቀስ አድርገው፣ የሾርባ ድስት ነው» ትዪ ነበር። ቆርቆሮውን በአውቶቡስ እስከዚህ ድረስ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት። አጠገቤ የተቀመጠው ወታደር «እናቴ፣ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ወተት» አልኩት። ከዚያ መንገዱን ሁሉ ያየኝ ነበር፤ ለምን እንደማልጠጣው ሳይገርመው አልቀረም።

ተይው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ባዶ ቤት ስትጠብቂ፣ ሥራሽን ስታጪላት፣ በዝናብ ስትፈልጊያት፣ እኔ እዚህ ለቆርቆሮው ቀይ ለስላሳ እገዛ ነበር። ልንገርሽ እያልኩ ብዕር አነሣለሁ፤ ከዚያ ስለ ዶሮ እጽፋለሁ።

እሱም አልተመቸውም። የቶንግባይ ግቢ የራሱ አድባር አለው፣ የገጠር ሰው ነው፣ ሩዝና ውኃ ይበቃዋል። የእኛው የከተማ ሰው ነው፣ ቀይ ለስላሳ ለምዷል። ሁለቱ አልተስማሙም። እንቁላሉም ውሻውም በዚህ ነው። ጥግ ላይ ጡብ ደርድሬ ቆርቆሮውን አኑሬዋለሁ፤ ቶንግባይ የሽንኩርት መደብ የሠራሁ መስሏታል።

አትቆጪኝ። ብትቆጪም ጻፊልኝ።

ቡንሩዋን

*

ባንኮክ፣ ሴፕቴምበር 21

አክስቴ፣

ቆሜ ነው ያነበብኩት።

ስለ ሥራዬ አይዘኑ። ሥራዬን ያጣሁት ለአድባሩ አይደለም፤ ቃሌ ስለነበረ ነው። ቤቷ ባዶ ሆነችም ሞላችም ያን ንድፍ አልፈርምም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ቃሉን ስገባ እርስዎ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ሰፈሩ ሲያጉረመርም እጄን ይዘው «በቃ፤ ልጄ ካለች አለች» ብለው ዝም ያሰኙት እርስዎ ነዎት። ያ ቃል ነው በእነዚህ ወራት ሁሉ ያቆመኝ። የዲሴምበሩን ንድፍ ስዘረጋም፣ ካርቶኔን ተሸክሜ በዚያ ሁሉ መስታወት መካከል ስወጣም፣ እሱን ነበር በልቤ የምለው።

እጄን ሲይዙ፣ አድባሩን ይዘው ለመሄድ ቆርጠው ነበር ወይስ ገና አልቆረጡም ነበር?

ለሰፈሩ ሰዎች ቤቷ ባዶ መሆኗን አልነገርኳቸውም። ዛሬም የአበባ ጉንጉን አሥረዋል።

ሙክ

*

ሮይ ኤት፣ ኖቬምበር 3

ልጄ ሙክ፣

ገና አልቆረጥኩም ነበር።

መልሴ የዘገየው መኸር ስለሆነ ነው ብልሽ ውሸት ነው። ቃል መምረጥ አቅቶኝ ነው።

እጅሽን ስይዝ በሙሉ ልቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ምሳ ይዤልሽ ቢሮሽ መጣሁ፣ ታስታውሻለሽ? የዓሣ ኳስ ያለበት ኑድል። በመስታወቱ በኩል አየሁሽ። ያ አለቃሽ ስምሽን አልጠራም፤ ጣቱን አንቀሳቀሰ፣ አንቺም ወረቀትሽን ይዘሽ ሄድሽ። እዚያ ቤት ውስጥ ያንን ቃል የሚጠብቅ አንቺ ብቻ እንደሆንሽ የዚያን ቀን ገባኝ። ስንቅሽን ለዘበኛው ሰጥቼ ተመለስኩ።

አንቺን ባላምን ኖሮ አድባሩን እዚያው ትቼው፣ ነገር የተበላሸ ቀን አንቺን እወቅስ ነበር። ስለማምንሽ ነው ሸክሙን የወሰድኩት። ቃሉን ቢያሰብሩሽ እሱ ቀድሞ ወጥቶ ይገኛል፤ ሰፈሩም «ሙክ አድባራችንን አስባረረች» አይልሽም ብዬ ነው። እኔ ስሸከምልሽ አላወቅሽም፤ አንቺም በዚያ በኩል ትሸከሚው ነበር። ሁለታችንም አንድ ድስት በሁለት ቤት ስናፈላ ነበር።

አሁን ሌላ ነገር። መመለስ ይፈልጋል። በምን አወቁ አትበይኝ። የሾርባ ሽታ፣ የመኪና ጡሩምባ፣ የሰው ግፊያ ናፍቆታል። እዚህ በጊዜ ይተኛሉ፣ እሱ እንቅልፍ አይወስደውም። ቶንግባይ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ጨው ታበዛለች ይላል። ጠዋት ጉልበቱን ያመዋል። ደግሞ አንዳንዴ አንዲት ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ፊደል ስትቆጥር ይታየዋል።

ለብቻው ልልከው አልችልም፣ መንገዱን አያውቅም። እኔው ማድረስ አለብኝ። ካደረስኩት በኋላ የት እንደማርፍ አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝም።

አክስትሽ ቡንሩዋን

*

ባንኮክ፣ ዲሴምበር 2

ውድ አክስቴ፣

መንገዱ ቀላል ነው፤ ሲደርሱ ከአውቶቡስ ተራው አይውጡ። ጋሽ ማኖፕ ፈቃድ ወስዶ ይቀበለዎታል። ፊሽካ ከሰሙ እሱ ነው፤ በሕዝብ ፊት «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» ቢልዎት አይቆጡት፣ ልማድ ሆኖበታል።

ቆርቆሮውን ሻንጣ ውስጥ እንዳያስገቡት። ጭንዎ ላይ ያድርጉት። ወታደር ቢጠይቅዎት እውነቱን ይንገሩት።

የት እንደሚያርፉ እሱ ካልነገረዎት እኔ ልንገርዎት። ክፍሌ ሁለት መስኮት አላት፤ አንዱ ወደ ቦዩ ነው። አልጋዎን በዚያ በኩል አድርጌዋለሁ። ደረጃው አጭር ነው፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይከብድም። የሞተር ታክሲ ሰዎቹ ደግሞ ከዳሳቸው አጠገብ ለአንድ ጋሪና ለአንድ ድስት የሚበቃ ቦታ ጠርገዋል። እኔ አላዘዝኳቸውም። የዓሣው ነገር ነው።

ትናንት በቀትር ድልድዩ ላይ ቆሜ ጥላውን አየሁት። ማማው አልቋል። ጥላው ወደ ሰሜን ወድቆ፣ ደረጃዬን ተሻግሮ፣ የእብነ በረዱን ቤት እስከ ወርቁ ጫፍ ሸፍኖታል። የዲሴምበሩ ንድፌ ላይ በእርሳስ ካጠቆርኩት አልዘለለም፣ አልጎደለም። ሕንፃው ላይ አቶ ዋራዴት ስሙን ይጻፍበት። ያ ጥላ የእኔ ነው፤ ማንም ሊፈርምበት አይችልም። በእኛ በኩል ግን ፀሐይ ነበር፣ የብስኩት ቆርቆሮው ያብረቀርቅ ነበር።

ሁለት ቀይ ለስላሳ ገዝቻለሁ። የእሱን ከነመምጠጫው ደጃፉ ላይ አኖርለታለሁ። የእርስዎን እስኪደርሱ አልከፍተውም።

ለሰፈሩ ሰው አሁንም አልነገርኩም። ለእነሱ አድባሩ የትም አልሄደም። እርስዎ እንደሄዱ ግን ያውቃሉ። በሚደርሱበት ዕለት ጠዋት ድልድዩ ላይ ተሰብስበው የሚጠብቁት እርስዎን ነው።

የእርስዎ ሙክ